የኮምፒውተሩ ልብስ

ኩርሙክ ላይ ለልጁ ውኃ አፍልቶ የሚያጠጣው ማን ነው?

እማማ አሰፋሽ ይህን ጥያቄ ከእሑድ ጀምረው ሲያብሰለስሉት ሰነበቱ፤ መልስ ግን አላገኙለትም። አጎትየው አስማማው ሲነጋ ሱቁን ከፍቶ ሲመሽ የሚዘጋ ሰው ነው። ሚስት አላገባም። እሱ ራሱ ሲጠማው ከበርሜል ቀድቶ ግጥም የሚያደርግ፣ ሆዱን ሲቆርጠው ደግሞ «ምን ነካኝ?» ብሎ የሚገረም ነው። የገዛ ልጃቸው ስለሆነ ያውቁታል። ታዲያ ያብስራን ወባ ቢይዘው ግንባሩን የሚዳስሰው ማን ሊሆን ነው? ትንሽ ሾርባ ቅመስ ብሎ የሚጨቀጭቀውስ? በሱዳን ድንበር ወዲያና ወዲህ ከሚመላለሰው ሰው ሁሉ ጋር ሲውል፣ የት ገባህ የት ወጣህ የሚለውስ? እሑድ አንድ የነበረው ጥያቄ ማክሰኞ ጠዋት ላይ ቁጥሩ ጠፍቷቸው ነበር።

ሻንጣው በሩ አጠገብ ቆሟል። ያሰናዳችው ጸሐይነሽ ናት፤ የልጁ እናት፣ የእሳቸው ሴት ልጅ። ሐሙስ ማለዳ ጁምዓ የሚባለው ሾፌር በአይሱዙው ዕቃ ጭኖ ወደ ኩርሙክ ሲወርድ ያብስራን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ እንዲወስደው ተነጋግራ ጨርሳለች። እማማ አሰፋሽን ያስጨነቃቸው ግን ሻንጣው አልነበረም። ሬዲዮኑ ሥር የተሸጎጠው ፖስታ ነው። ውስጡ ከትምህርት ቤት የወጣ መልቀቂያ አለ፤ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። እማማ አሰፋሽ በማታ ትምህርት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋልና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አውጥተው አንብበውታል። «ተማሪ ያብስራ… ከሰባተኛ ክፍል… በወላጅ ጥያቄ መሠረት…» ይላል። ዱሮ ከወሎ ለሰፈራ ወደ አሶሳ ሲመጡም ስማቸው ማኅተም ካለበት ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲያ የተወለዱበትን ቀዬ አላዩትም። ስለዚህ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሰውን ከቀዬው እንደሚነቅል ነጋሪ አላስፈለጋቸውም።

የዚህ ሁሉ መዘዝ አንድ ኮምፒውተር ነበር።

ክልሉ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም። በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ታፔላ ይሰቀላል፣ ከየአገሩ አዲስ ሠራተኛ ይመደባል። ሁሉም የሚጻፍ ነገር አለው፤ የሚጽፍለት ሰው ግን ጥቂት ነው። ጸሐይነሽ ከእነዚህ ቢሮዎች በአንዱ ታይፒስት ናት። መሥሪያ ቤቱ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ሲመጡለት አሮጌዎቹን ለጨረታ አወጣና አንዱ ለእሷ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ ቤቷ ውስጥ የአስተማሪዎችን ፈተና፣ የገበሬዎችን ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ ሳይቀር ትጽፋለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ቤቱን ቀና ያደረገው ይኸው ሥራ ነው።

ለያብስራ ግን ኮምፒውተሩ ሌላ ነገር ሆነለት። ጓደኛው ሐመድ አጎቱ ከሱዳን ያመጣለትን ሲዲ አዋሰው። የመኪና እሽቅድምድም ነው። እናቱ ቢሮ በምትውልበት ሰዓት ልጁ ከትምህርት ቤት ይመጣና ደብተሩን አልጋ ላይ ወርውሮ እዚያ ወንበር ላይ ይተከላል። ምሳው ይቀዘቅዛል። የተጠራ አይሰማም። እማማ አሰፋሽ ከጎኑ በርጩማ ስበው ይቀመጡና ዓይኑን ሳያርገበግብ እስከ ስንት እንደሚቆይ ይቆጥሩ ነበር። አንድ ቀን ሃያ ሦስት ድረስ ቆጥረው ደንግጠው «ያብስራ!» ብለው ሲጮኹ መኪናው ገደል ገባ።

«እቴቴ! አስጨረስሽኝ እኮ!»

«አንተ የቱ ነህ?»

«ቀይዋ ነበርኩ።»

«ታዲያ ቀስ ብለህ አትነዳም? ምን ያጣድፍሃል?»

«እሽቅድምድም ነው እቴቴ።»

«ይሁና! ሰው ብትገጭስ?»

«እዚህ ውስጥ ሰው የለም።»

«ሰው ከሌለ ጡሩምባውን ለማን ነው የምትነፋው?»

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ማታ ለጸሐይነሽ «ይሄ ጨዋታ ልጁን ሊያደነዝዘው ነው። ዓይኑም ሊጠፋ ነው። አስማማው ጋ ሄዶ ሱቅ መቆም ቢለምድ ይሻለው ነበር» አሏት። እንዲህ ሲሉ ከልባቸው አልነበረም። አያት የሚለው ነገር ነው፤ ሲመርር ይባላል፣ ከዚያ ይረሳል። ጸሐይነሽ ግን አልረሳችውም።

በጋው ገባ። የአሶሳ ቀይ አቧራ በመስኮት ገብቶ በጣት ስም እስኪጻፍበት ድረስ ዕቃው ላይ ይተኛ ጀመር። እማማ አሰፋሽ ቤት ውስጥ ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ የለም። ሬዲዮኑ ዳንቴል አለው፤ ወንበሩ ዳንቴል አለው፤ የብርጭቆው መደርደሪያ መጋረጃ አለው። ያ ውድ ሳጥን ብቻ፣ ሲፒዩ የሚሉት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚተዳደርበት፣ እርቃኑን ወለል ላይ ቆሟል። ያብስራም ሲጫወት እግሩን ይጭንበታል። ስለዚህ ሰፈራ ጣቢያ በሴቶች ማኅበር የተማሩትን ስፌት አስታውሰው፣ ቁመቱንና ስፋቱን በክር ለክተው፣ ከአሮጌ ብርድ ልብስ ላይ ቆረጡለት። ከፊት ለፊት ለማብሪያው ቁልፍና ለሲዲው መግቢያ ልክ እንደ ኮት ቁልፍ ማስገቢያ አድርገው ቀደዱለት፤ ጫፉን ዘመዘሙት። ከኋላው ለገመዶቹ ብቻ ቀዳዳ ተዉለት። እዚያ ኋላው ላይ ሁልጊዜ ነፋስ ይወጣ ስለነበር፣ ነፋስ ካለ አቧራም አይታጣም ብለው መሐሉ ጥጥ የገባበት ድርብ አደረጉት። ሲያለብሱት ያ የሚያጓራው ድምፁ ዝግ አለ። «እፎይ አለ» አሉ እማማ አሰፋሽ።

ያየው ሁሉ አደነቀ። ፈተና ሊያጽፉ የሚመጡት አስተማሪ «ወይዘሮ ጸሐይነሽ፣ ኮምፒውተርዎ ከእኔ የተሻለ ለብሷል» ብለው ሳቁ። ጸሐይነሽም ኮራ ብላ «የእናቴ እጅ ነው» አለች። ማንም ሊያወልቀው አላሰበም።

ኮምፒውተሩ መታመም የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። ያብስራ እየተጫወተ ሳለ ድንገት ድርግም አለ። መብራት የሄደ መስሏቸው አምፖሉን ቢያዩ በርቷል። ትንሽ ቆይተው ሲያስነሡት ተነሣ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ደግሞ ጠፋ። በማግሥቱ ጸሐይነሽ ስትጽፍ እንደዚያው። ስታቢላይዘሩን ቀየረች፤ ገመዱን ቀየረች፤ አልሆነም። የመሥሪያ ቤቷ ባለሙያ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዷል። ቢሮ ውስጥ ላዋየችው ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ልጅሽ ጨዋታ ይጫንበታል? በቃ፣ ቫይረስ ነው።»

ሲዲው ተወረሰ። እማማ አሰፋሽ በነጠላ ጠቅልለው ሳጥናቸው ግርጌ እንዲያስቀምጡት ተሰጣቸው። ያብስራ ከኮምፒውተሩ ወንበር ተባረረ። ኮምፒውተሩ ግን አልዳነም። እንዲያውም ባሰበት፤ ሃያ ደቂቃም መቆየት አቃተው። አንድ ቀን እማማ አሰፋሽ እጃቸውን በልብሱ ሥር ሰደው ቢዳስሱት እንደ ምጣድ ይፋጃል። «ምስኪን፣ ትኩሳት አለው» አሉ። ወባ የያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ ብርድ ልብስ ይደረብለት የለ? እሳቸውም ወፍራም ፎጣ አጥፈው ከላይ ደረቡለት፤ ዳር ዳሩንም ጠቀጠቁት።

ቅዳሜ ዕለት ጸሐይነሽ በጠፋ ቁጥር እያስነሣች አሥራ ሁለት ገጽ ፈተና ጽፋ ልትጨርስ አንድ አንቀጽ ሲቀራት፣ ሴቭ እያደረገች ሳለ ድርግም አለ። መልሳ ብታስነሣው ጽሑፉ ተበላሽቶ አልከፈት አለ። ተነሥታ ቆመች።

«ያብስራ! ና ወዲህ!»

ልጁ ከጓሮ መጣ።

«ትላንት እኔ ሳልኖር ነክተኸዋል?»

«አልነካሁም።»

«ማል!»

«እግዚአብሔርን አልነካሁም! ሲዲው እኮ እቴቴ ጋ ነው።»

«መታመም የጀመረው ያንን ሲዲ ካስገባኸው ወዲህ ነው። ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው፣ ግን…»

«ግን የለም! እማ ድሮም ብላኛለች፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ኩርሙክ አጎትህ ጋ ትሄዳለህ።»

ለእማማ አሰፋሽ የራሳቸው ቃል ነው ተመልሶ የመጣው። ሰኞ ጠዋት ጸሐይነሽ ትምህርት ቤት ሄዳ ዳይሬክተሩ ፊት «ይሄ ልጅ ከእኔ አቅም በላይ ሆኗል» ብላ መልቀቂያውን አወጣች። ዳይሬክተሩም «ሐሳብሽን ከቀየርሽ ወረቀቱን እስከ ረቡዕ መልሺው፤ ከዚያ በኋላ ስሙን ከመዝገብ እሰርዛለሁ» አሏት። ቤት ተመልሳ ይህን ስትናገር እማማ አሰፋሽ ሰምተዋል። ረቡዕ ማለት ነገ ነው።

ማክሰኞ እንግዲህ እንዲህ ሆነ። ጸሐይነሽ ወደ ቢሮዋ ሄደች። ያብስራ ትምህርት ቤት የለውም፤ ማንጎው ሥር ተቀምጦ በእንጨት መሬት ይጭራል። እማማ አሰፋሽ በመስኮት አዩት። የሚጭረው መንገድ ነው። ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራል፣ በላዩ ላይ ቆርኪ በጣቱ ይገፋል፣ ታጥፎ ሲያልቅ ያጠፋውና ሌላ ይጀምራል። አሥራ አራት ዓመት የሞላው፣ ጢሙ ሊያቆጠቁጥ የደረሰ ልጅ።

ነጠላቸውን አንሥተው ወጡ። የሄዱት ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ወደሚጠግነው ወደ ሙርሳል ነው። ሙርሳል የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ እናቱን ከገበያ ያውቋታል። ኮምፒውተርም ይከፍታል ይባላል። ጸሐይነሽ ግን «ሬዲዮ ጠጋኝ ኮምፒውተሬን አይነካም» ብላ እምቢ ብላ ነበር። እማማ አሰፋሽ ሳያስፈቅዱ መሄዳቸው እያስፈራቸው፣ እግራቸው ግን እየፈጠነ ደረሱ።

«ሙርሳል ልጄ፣ ቤት ድረስ ትመጣልኛለህ? የታመመ አለብን።»

«ሐኪም ቤት እዛ ጋ ነው እማማ።»

«ኮምፒውተር ነው የታመመው!»

«እሺ፣ እሺ! እንደዛ በላ።»

ሙርሳል አማርኛ ሲናገር ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅላል እንጂ እጁ አይሳሳትም ይሉታል። መፍቻዎቹን በፌስታል ይዞ ተከተላቸው። ቤት ሲገባ ያብስራም ከኋላ ከኋላ ገብቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሙርሳል ግራ ቀኝ አየ።

«ማሽኑ የት አለች?»

«ይኸውልህ፣ ፊትህ ነው።»

ሙርሳል ጎንበስ አለ። ፎጣውን አነሣ። ሥሩ ያለውን ልብስ አየ። የዘመዘሙትን ቀዳዳ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ «አብራው» አለው ልጁን። ያብስራ አበራው። ሙርሳል መዳፉን በልብሱ ላይ አሳርፎ ጥቂት ጠበቀና ወደ እማማ አሰፋሽ ዞረ።

«ይሄ ማነው የሰፋው?»

«እኔ ነኝ» አሉ፤ የሚደነቅ መስሏቸው ነበር።

«ማሻአላህ፣ ስፌት በጣም ቆንጆ ነው። እማማ፣ አንተ ጃኬት ለብሰህ፣ ከላይ ጋቢ ለብሰህ፣ አፍንጫህን ደግሞ በጥጥ ዘግቼ፣ በዚህ ፀሐይ እስከ ባምባሲ ሩጥ ብልህ ትሮጣለህ?»

«እኔ? ኧረ መንገድ ላይ ድፍት ነው የምለው!»

«እሱም ድፍት ነው የሚለው።»

ሙርሳል ልብሱን እንደ ሕፃን ሸሚዝ ቀስ አድርጎ አወለቀው፤ የቆመውን ሳጥን ጀርባ አዙሮ አሳያቸው። ትንሽዬ ማራገቢያ ናት፣ ትዞራለች። አቧራውን በብሩሽ ጠረገላት።

«በዚህ በኩል ሙቀት ይወጣል። እዚህ ከዘጋህ ውስጥ ይቀራል። ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ጎበዝ ነው፣ ወላሂ። ሌላ ቢሆን ጭስ ሆኖ ነበር።»

«ቫይረሱስ?» አለ ያብስራ ከበሩ።

«የለም ቫይረስ። አሁን ግን እንይ። መጻፍ ብዙ አያሞቅም። ከባድ ነገር ይሥራ። ጨዋታ አለ?»

እማማ አሰፋሽ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ልብሱ ጭናቸው ላይ ነበር። ኋላ ላይ ያደረጉት ጥጥ ገና ይሞቃል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በራሳቸው እጅ አፍነውት፣ በታመመ ቁጥር ሲደርቡለት፣ ልጁ ደግሞ በዚያው ልክ ሲረገም። «ወይኔ አሰፋሽ» አሉ በሹክሹክታ። «ወይኔ።»

ሙርሳል ምን እንዳስደነገጣቸው ሳይገባው መፍቻዎቹን ሰበሰበ። «አንድ ሰዓት ይጫወት። ካልጠፋ ድኗል። ከጠፋ እመጣለሁ። ኸላስ፣ በቃ።» ከደጁ ማንጎ አራት ለቅሞ፣ አንዱን እየገመጠ ወደ ሥራው ሄደ።

ያብስራ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። ከእሑድ ወዲህ እንዲህ ቀርቧቸው አያውቅም።

«እቴቴ፣ ለእማዬ አንነግራትም።»

«ምኑን?»

«ልብሱን። እንደብቀዋለን። ሙርሳል ቫይረሱን አጠፋው እንላታለን።»

«ያኔ ጥፋቱ ያንተ ሆኖ ይቀራላ!»

«ምን ችግር አለው? አንቺን ከምትቆጣሽ። ኮምፒውተሩ ከዳነ አትልከኝም ይሆናል።»

«ይሆናል!» አሉ እማማ አሰፋሽ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በነጠላቸው ጫፍ ቶሎ ጠረጉት። «አንተን በይሆናል ኩርሙክ አልሰድህም። ቆይ።»

ጓዳ ገብተው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ከግርጌው በነጠላ የተጠቀለለውን ሲዲ አወጡና በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ።

«በል ተጫወት።»

«እውነትሽን ነው?»

«ሰውዬው ከባድ ነገር ይሥራ አላለም? ፍጠን!»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አምስት ተኩል ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀረዋል። ያብስራ ጀመረ። መጀመሪያ እጁ ፈራ፤ ሁለቴ ከግንብ ጋር ተላተመ። እማማ አሰፋሽ አንድ ዓይናቸውን ሰዓቱ ላይ፣ አንዱን መኪናው ላይ አድርገው ጸሎት ቢጤ ያጉተመትማሉ። አሥር ደቂቃ። አሥራ አምስት። ሃያ ላይ ሲደርስ ጸሎታቸውን አቋረጡ፤ ሰሞኑን የሚጠፋው እዚህ ላይ ነበር። ተነሥተው የሳጥኑን ጀርባ በመዳፋቸው አዩ። ነፋሱ ይወጣል። ሞቅ ያለ ነው፣ ግን ይወጣል፤ ልክ የተኛ ሕፃን ትንፋሽ።

«እቴቴ፣ ከፊቴ ዞር በይ፣ መንገዱ አይታየኝም!»

«ዝም ብለህ ንዳ! ያቺ ጥቁሯ እኮ ቀደመችህ!»

«አንቺ ስለጋረድሽኝ ነው!»

«ቅደማት! ኧረ በግራ! በግራ በኩል ባዶ ነው!»

ሃያ አምስት። ሃያ ስምንት። ደቂቃው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ ያብስራ እንኳን ሰዓቱን ቀና ብሎ አየ፤ መኪናው መንገድ ስታ አቧራ ላይ ወጣች። ኮምፒውተሩ ግን አልጠፋም። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። እማማ አሰፋሽ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው እልል ሊሉ አሉና ጎረቤት እንዳይሰማ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ትከሻቸው ላይ ለስንት ቀን የተጫነው ነገር ወለል ላይ ዱብ ሲል የሰሙት መሰላቸው። በተራው ሳቅ መጣባቸው፤ ያለ ድምፅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ ልጁም እያየ ሳቀ፣ ጥቁሯን መኪናም አለፋት።

በሩ ሲከፈት ሰዓቱ ስድስት ከአሥር ነበር። ጸሐይነሽ ለምሳ ነው የመጣችው። ያየችውን ለማመን አንድ እርምጃ ገባች፦ ልጇ ወንበሩ ላይ፣ የተከለከለው ሲዲ ውስጡ፣ እናቷ ደግሞ ቆመው እያጨበጨቡ።

«ይሄ ምንድነው?»

ያብስራ እጁን ከኪቦርዱ ላይ እንደ እሳት አነሣ።

«እማ፣ አንቺም? አንቺም ጭምር? እኔ በዚህ ልጅ ተቃጥዬ…»

«ጸሐይ» አሉ እማማ አሰፋሽ።

«ሲዲውን እንድትደብቂልኝ ነበር የሰጠሁሽ! ሐሙስ እስኪሄድ መታገሥ አቃታችሁ?»

«ጸሐይነሽ! ሰዓቱን እዪ።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ሰዓቱን። አምስት ተኩል ሳይሆን ነው የተነሣው። እስካሁን አልጠፋም።»

ጸሐይነሽ ሰዓቱን አየች። ኮምፒውተሩን አየች። የሆነ ነገር እንደጎደለው ገና አሁን ገባት።

«ልብሱስ?»

እማማ አሰፋሽ ከበርጩማው ሥር አንሥተው አስጨበጧት።

«እኔ ነኝ ልጄ። ያብስራ አይደለም፤ ሲዲውም አይደለም። አቧራ እንዳይገባበት ብዬ መተንፈሻውን ደፈንኩት። ሲሞቀው ታመመ ብዬ ደረብኩበት። ሙርሳልን ጠይቂ፣ እሱ ነው ያሳየኝ። ያ አሥራ ሁለት ገጽሽንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኩርሙክ የሚሄድ ካለም እኔ ልሂድ።»

«እቴቴ አላወቀችም እኮ!» አለ ያብስራ። «አትቆጪያት።»

ጸሐይነሽ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ጎንበስ ብላ መዳፏን ከሳጥኑ ጀርባ ዘረጋች። ትንሿ ማራገቢያ ትዞራለች፤ ነፋሱ የጣቶቿን መሐል እያለፈ የእጅጌዋን ጫፍ ያወዛውዛል። ብዙ ቆየች እንደዚያ ሆና። እማማ አሰፋሽ ፊቷን ማየት አልቻሉም። ሕፃን ሆና አጥፍታ ሲገኝባት እንዲህ ነበር የምትሆነው፤ ጀርባዋን ትሰጥና አንገቷ ላይ ያለችው ጠባሳ ትቀላለች። አሁንም ቀላች።

ቀና ስትል ልጇን አየችው። ያብስራ ዓይኑን ከጉልበቱ ላይ አላነሣም። እጇን ዘርግታ የሸሚዙን ኮሌታ፣ ምንም ያልተጣመመውን ኮሌታ፣ አስተካከለችለት።

«ምሳሽን ላቅርብ?» አሉ እማማ አሰፋሽ። «ሽሮው ትኩስ ነው።»

ጸሐይነሽ የኮምፒውተሩን ልብስ በአራት አጥፋ መደርደሪያው ላይ፣ ከሬዲዮኑ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ሬዲዮኑን በአንድ እጇ ቀና አደረገችና ማኅተም ያረፈበትን ፖስታ ከሥሩ ሳበች። አገላብጣ አየችው። ቦርሳዋን ከፍታ ውስጥ ከተተችው፣ ዚፑን ዘጋችው። ወደ በሩ ስትሄድ ሻንጣው መንገዷ ላይ ነበር፤ አንሥታ ወደ ጓዳው፣ ወደ ያብስራ አልጋ ወሰደችና ከአልጋው ሥር ገፍታ አስገባችው።

እማማ አሰፋሽ እስከ ደጃፉ ተከተሏት። ከማንጎው ሥር ያብስራ የጫረው መንገድ ገና አልጠፋም። ጸሐይነሽ እንዳትረግጠው ከጎኑ ዞራ አለፈችና፣ ወደ ቢሮዋ በሚወስደው በቀኝ ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው በግራ ታጥፋ ሄደች።